የተጠበሰ ቃሪያና ቲማቲም ድልህ

በአገራችን ብዙ ዓይነት ድልህ አለ። ቀይ ቃሪያ ተለቅሞ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከጤና አዳም ጋር ተፈጭቶ የሚዘጋጅ አለ። ደረቅ በርበሬ በጠጅ ወይም በአረቄ ተለውሶ አዋዜ የሚባል አለ። ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ ዳጣ አለ። የከተማ ሰው ከሱቅ በቆርቆሮ የሚገዛውንም ወፍራም ቲማቲም "የቲማቲም ድልህ" ይለዋል። ስማቸውና ጣዕማቸው ይለያይ እንጂ ብዙዎቹ ከአንድ ችግር የመጡ ናቸው። ቃሪያና ቲማቲም ሲደርሱ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። ሲደርሱ ብዙ ናቸው፤ ቶሎም ይበላሻሉ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ቢፈለጉ አይገኙም፤ ቢገኙም ዋጋቸው አይቀመስም።

ይህን ችግር የሚያውቀው የእኛ ገበሬ ብቻ አይደለም። ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ የሩቅ አገር ድልህ ነው። አገሩ የባልካን አገር ይባላል። በአውሮፓ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከቱርክ ቀጥሎ ይገኛል። በዚያ ቡልጋሪያ፣ ሰርቢያ፣ ሰሜን መቄዶንያና ሌሎችም አገሮች አሉ። የእነዚህ አገሮች ገበሬዎች ቀይ ቃሪያ በእሳት ለብልበው፣ ልጣጩን ገፈው፣ ከቲማቲም ጋር አብስለው ለብዙ ወራት የሚሆን ድልህ ያዘጋጃሉ። እንዴት እንደሚሠሩት እናያለን። ለምን እንደማይበላሽባቸውም እናያለን። ይህ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይበልጣል። ምክንያቱም በደንብ ያልተያዘ ድልህ ሰው ሊገድል ይችላል።

መጀመሪያ ስለ አየሩ እንናገር። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ማለታችን ነው። ማሳው ይለመልማል፣ ጎመኑ ይበቅላል። በባልካን አገር ግን ክረምት ማለት በረዶ ነው። ከኅዳር ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ መሬቱ ይቀዘቅዛል። በደጅ ቃሪያ የለም፣ ቲማቲም የለም። ስለዚህ የዚያ አገር ሴት መስከረም ሲጠባ ሥራ ይበዛባታል። በመስከረም ቃሪያው ይቀላል። ብርዱ ሳይመጣ ስንቁ መዘጋጀት አለበት። ጎመን በጨው ይቀመጣል፣ ዱባ ጎተራ ይገባል፣ ቃሪያውም ድልህ ይሆናል።

ታዲያ ቃሪያና ቲማቲም ከጥንት ጀምሮ በዚያ አገር የነበሩ ይመስላችሁ ይሆናል። አልነበሩም። የእኛም አልነበሩም። ሁለቱም የበቀሉት በአሜሪካ ምድር ነው። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. በመርከብ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ነው ዘራቸው ወደ ሌላው ዓለም የተበተነው። የቃሪያ ዘር ወደ ባልካን የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት፣ ቱርኮች ያን አገር ይገዙ በነበረበት ዘመን ነው። ቲማቲም ዘግይቷል። ሰዉ መጀመሪያ ፈራው፤ መርዝ ያለው መስሎት ነበር። በባልካን ገበሬ ድስት ውስጥ በብዛት የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።

የእኛም በርበሬ ከዚያው ከአሜሪካ ዘር የመጣ ነው። ከእርሱ በፊት የአባቶቻችንን ወጥ የሚያጣፍጡት ቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና ሰናፍጭ ነበሩ። ዶሮ ወጥ ያለ በርበሬ! ዛሬ ይህን የሚያስብ ማን አለ? ነገር ግን እንዲያ ነበር። ገበሬ አዲስ ዘር አይቀበልም የሚል ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቅ መልካም ነው። ጥቅሙን ያየ ገበሬ ዘሩን ተቀብሎ የራሱ ያደርገዋል። የልጅ ልጆቹም ከጥንት የነበረ ይመስላቸዋል።

የባልካን ድልህ አንድ ስም የለውም። ቡልጋሮች "ሉተኒጻ" ይሉታል። በቋንቋቸው "የሚያቃጥል" ማለት ነው። ዛሬ ግን አብዛኛው አያቃጥልም፤ ልጆች ዳቦ ላይ ቀብተው ይበሉታል። ሰርቦችና መቄዶንያውያን ደግሞ "አይቫር" የሚሉት አላቸው። በዚህኛው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቲማቲም አይገባም፤ ቃሪያ ብቻ ነው፣ አንዳንዴም ደበርጃን ይጨመርበታል። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ደበርጃንና ነጭ ሽንኩርት የሚገባበት ሌላ ዓይነትም አለ፤ እርሱን "ፒንጁር" ይሉታል። አይቫር የሚለው ቃል "ሃቭያር" ከሚለው የቱርክ ቃል የመጣ ነው ይባላል። ሃቭያር የዓሣ እንቁላል ነው። ዋጋው ውድ ስለሆነ ሀብታም ነው የሚበላው። ስሙ ከሀብታም ገበታ ወርዶ ለገበሬው ቃሪያ ሆነ ማለት ነው። በሰርቢያ የሌስኮቫች ከተማ አካባቢ፣ በሰሜን መቄዶንያ ደግሞ የስትሩሚጻ አካባቢ በቃሪያቸው የታወቁ ናቸው። የማን ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቋቸው ክርክሩ አያልቅም። የማረቆና የአላባ በርበሬ ነጋዴዎች እንደሚከራከሩት ማለት ነው።

አሠራሩ

ለዚህ ድልህ የሚመረጠው ቃሪያ ረጅም፣ ጠፍጣፋና ሥጋው ወፍራም ነው። ቡልጋሮች "ካፒያ" ይሉታል። ሲደርስ ደም መስሎ ይቀላል። አያቃጥልም፤ እንዲያውም ይጣፍጣል። ቀጭን ቃሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ልጣጩ ሲነሣ ሥጋ የሚባል ነገር አይተርፍማ! እኛ አገር የሚቀርበው በከተማ ገበያ የፈረንጅ ቃሪያ የሚባለው ነው፤ እርሱም አረንጓዴው ሳይሆን ጨርሶ የቀላው።

ቃሪያው ይታጠባል። ከዚያ በፍም ላይ ወይም በብረት ምጣድ ላይ ይደረደራል። አንዱ ጎን ሲጠቁር ይገለበጣል። ልጣጩ እስኪያርና እስኪያብጥ ድረስ መተው ነው፤ ማዘን አያስፈልግም። የሚያርረው ልጣጩ ነው፣ ሥጋው አይደለም። በመስከረም ወር በቡልጋሪያ መንደር የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ሽታ ሳይሰማ አያልፍም። በየግቢው ጭስ አለ። ዛሬማ ቃሪያ ብቻ የሚጠበስበት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ምድጃ አላቸው። በቡልጋሪያ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በየቤቱ ገባ። የከተማ ሰው ሳይቀር በፎቁ ሰገነት ላይ ተክሎት ቃሪያ ይጠብስበታል።

የተጠበሰው ቃሪያ ትኩስ እንዳለ በድስት ውስጥ ተደርጎ ይከደናል። ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል። በራሱ እንፋሎት ይታጠናል፤ ልጣጩም ከሥጋው ይለቃል። ከዚያ በእጅ ሲጎትቱት እንደ ካልሲ ይወልቃል። ጭራው፣ ፍሬውና በውስጡ ያለው ነጩ ክር ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይሠራል። ልጣጩ አልለቅ ያለ እንደሆነ ቃሪያውን በውኃ የሚያጥቡ አሉ። ውኃው ልጣጩን ብቻ አይወስድም፣ ጣዕሙንም ይወስዳል። እጅን ብቻ በውኃ እየነከሩ መላጥ ይሻላል።

የሚያቃጥል ቃሪያ የተቀላቀለበት እንደሆነ ደግሞ እጅ ይለበልባል። የሚያቃጥለው ነገር በብዛት ያለው በፍሬው ውስጥ አይደለም፤ ፍሬው በተያያዘበት በነጩ ክር ላይ ነው። ይህ ነገር በውኃ ብቻ አይለቅም፤ በዘይት ግን ይሟሟል። ስለዚህ እጅን አስቀድሞ በዘይት ማሸት፣ ኋላም በዘይት አሽቶ በሳሙና መታጠብ ይበጃል። እስኪታጠቡ ድረስ ዓይንን መንካት አይገባም። ሕፃን ያላት እናት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ብትተው ይሻላል።

ልጣጭ መግፈፍ አሰልቺ ሥራ ነው። ሃምሳ ኪሎ ቃሪያ አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም። ስለዚህ ጎረቤት ይጠራል። እኛ ወንፈል እንደምንለው ነው። ዛሬ እገሊት ቤት፣ ነገ ሌላዋ ቤት እየተዞረ ይሠራል። የመንደሩ ወሬ ሁሉ የሚወራው እዚያ ነው። ወንዶቹ እንጨት ይፈልጣሉ፣ እሳት ይቆሰቁሳሉ።

ከዚያ ቃሪያው በወፍጮ ይፈጫል ወይም በሙቀጫ ይወቀጣል። ጨርሶ እንዳይልም፤ ትንሽ ሻካራ ሲሆን ይጣፍጣል። ቲማቲሙ ደግሞ ለብቻው ነው። በፈላ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ተነክሮ ልጣጩ ይነሣል። ይከተፋል፣ ውኃው እስኪመጥ ድረስ ለብቻው ይበስላል። ቲማቲሙ ሲወፍር የተፈጨው ቃሪያ ይጨመራል። ዘይትና ጨው ይገባል። ነጭ ሽንኩርት የሚያገቡም የማያገቡም አሉ። አንዳንዶቹ ትንሽ ስኳርና አቼቶ ይጨምራሉ።

አሁን የማማሰል ሥራ ይጀመራል። እሳቱ ዝግ ያለ መሆን አለበት። ማማሰያው ከእንጨት ነው፣ እጀታው ረጅም ነው። ድልሁ ሲፈላ "ጱፍ ጱፍ" እያለ ይረጫል፤ እጅ ያቃጥላል። ለሁለት፣ ለሦስት ሰዓት፣ ድስቱ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ ይማሰላል። አንድ ጊዜ ትተውት ከሄዱ ከሥር ያርራል፤ ያረረው ደግሞ ሁሉንም ያመርረዋል። መድረሱን የሚያውቁት እንዲህ ነው። ማማሰያውን በድስቱ መካከል ይጎትቱታል። መንገዱ ወዲያው ከተከደነ ገና ነው። የድስቱ ሥር ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ቀስ ብሎ ሲከደን ደርሷል።

ድስቱ ሙሉ የነበረው ከግማሽ በታች ይወርዳል። "የት ገባ?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ በቁጥር ይገኛል። ቲማቲም አብዛኛው ውኃ ነው። ከ100 ኪሎ ቲማቲም ውስጥ 94 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው፤ የቀረው 6 ኪሎ ብቻ ነው። መቶ ኪሎ ቲማቲም በሁለት አህያ ጭኖ ገበያ የሚወርድ ገበሬ 94 ኪሎ ውኃ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ገበያው ሞልቶ ገዢ ያጣ ዕለት ያን ሁሉ ይዞ ይመለሳል፤ ወይም በመንገድ ደፍቶት ይመጣል። በመቂና በዝዋይ አካባቢ፣ በፎገራም ያለ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የምግብነቱ ነገር

ቀይ ቃሪያ ለጤና ጥሩ ነው። በባልካን ጎረቤት በሃንጋሪ አገር አልበርት ሴንት ጆርጂ የሚባል ሳይንቲስት ነበር። ቪታሚን ሲ የሚባለውን ነገር በብዛት የሚያገኝበት ተክል ይፈልግ ነበር። ያለበት ከተማ ሴገድ ነው፤ ሴገድ ደግሞ የቃሪያ አገር ናት። እርሱ ራሱ እንደተናገረው አንድ ማታ ሚስቱ ቃሪያ ለእራት አቀረበችለት። መብላት አላሰኘውም። ይህን ቃሪያ እኮ መርምሬው አላውቅም ብሎ ወደ መመርመሪያ ክፍሉ ወሰደው። ሲመረምረው የሚፈልገው ነገር ሞልቶበታል። በ1937 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ። እራት ያልበላ ሰው እንዲህ ያለ ሽልማት ሲያገኝ ምናልባት እርሱ የመጀመሪያው ይሆናል!

ነገር ግን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ቪታሚን ሲ በእሳት ይቀንሳል። ሦስት ሰዓት የተማሰለ ድልህ የጥሬ ቃሪያን ያህል አይሰጥም። ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ነገር ግን በአብዛኛው ይቀራል። ከእርሱ ከፊሉን ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ ይለውጠዋል። ቪታሚን ኤ ለዓይን ነው። ያጣ ልጅ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ ዳፍንት የምንለው በሽታ ይይዘዋል። ይህ ቪታሚን ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ስለዚህ በድልሁ ውስጥ ያለው ዘይት ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም። የባልካን ክርስቲያኖች ብዙዎቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በጾም ጊዜ ይህን ድልህ በዳቦ ይበሉታል። በእኛም ዘንድ የጾም ምግብ መሆን ይችላል።

የማስቀመጡ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ምግብ የሚበላሸው በዓይን በማይታዩ ጀርሞች ነው። ጀርም ለመኖር ርጥበት ይፈልጋል። ደረቅ በርበሬ ዓመት ቢቀመጥ የማይሸተው ርጥበት ስለሌለው ነው። ድልህ ግን ወፍራም ቢመስልም ርጥበቱ አላለቀም። ቀደም ባለው ቁጥር እንሂድ። 30 ኪሎ ቲማቲም በስሎ 10 ኪሎ ቢሆን፣ ከ10ሩ ኪሎ ውስጥ ውኃ ያልሆነው 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። የቀረው ከ8 ኪሎ በላይ ውኃ ነው። ስለዚህ ጀርም ሊኖርበት ይችላል።

የባልካን ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ንጹሕ የሆነ ባለክዳን ጠርሙስ ያሞቃሉ። ድልሁን እንደፈላ ይሞሉበታል። ክዳኑን አጥብቀው ይዘጋሉ። ከዚያ ጠርሙሶቹን በትልቅ ድስት ውኃ ውስጥ አቁመው እንደገና ይቀቅላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ድልሁ በጠርሙስ እንዳለ ምድጃ ውስጥ አስገብተው ፊቱ ቆዳ እስኪያወጣ ይጠብቃሉ፤ በላዩ ትኩስ ዘይት ያፈሱበታል። ኋላም ጠርሙሶቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ቀስ ብለው እንዲበርዱ ያደርጋሉ። ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ ይደረድሯቸዋል፤ ውጪው በረዶ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው "እኛስ ለምን እንዲህ አናደርግም?" ሊል ይችላል። ቸኩሎ ማድረግ አይገባም። ምክንያቱ ይህ ነው።

በአፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ክፉ ጀርም አለ። አፈር የነካው አትክልት ሁሉ ሊይዘው ይችላል። ይህ ጀርም ሲጨንቀው እንደ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። ተራ የፈላ ውኃ ይህን ዘር አይገድለውም። ምግቡ በጠርሙስ ታሽጎ አየር ሲያጣ ደግሞ ለእርሱ ይመቸዋል። ብዙ ጀርም አየር ይፈልጋል፤ ይህ ግን አየር በሌለበት ነው የሚራባው። ተራብቶም መርዝ ያወጣል። መርዙ የሚያመጣው በሽታ ቦቱሊዝም ይባላል። ሰውየው አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። የዓይኑ ቆብ ይወድቃል። ምላሱ ይያዛል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ከዚያ ክንዱና እግሩ ይዝላል፣ መተንፈስም ይሳነዋል። ከሁሉ የሚከፋው ነገር ምግቡ ሁልጊዜ አይሸትም፣ መልኩም ሁልጊዜ አይለወጥም።

ይህን ጀርም የሚያሸንፉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ኮምጣጣነት ነው። በበቂ ሁኔታ በኮመጠጠ ምግብ ውስጥ ዘሩ አይበቅልም። ቲማቲም ኮምጣጣ ነው፤ ቃሪያ ግን ኮምጣጣ አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርትና ደበርጃንም እንዲሁ። ቃሪያ በበዛ ቁጥር የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ይሟሽሻል። ፋብሪካ ውስጥ ይህ በመሣሪያ ይለካል፤ አቼቶውም በልክ ይጨመራል። በቤት ውስጥ ምላስ ይህን መለካት አይችልም። ሁለተኛው ኃይለኛ ሙቀት ነው። ፋብሪካ በታፈነ እንፋሎት እስከ 121 ዲግሪ ያሞቃል። በዚህ ሙቀት ዘሩም ይሞታል። በተራ ድስት ግን ውኃ ከ100 ዲግሪ አያልፍም።

ደገኞች የሆናችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ ይገባችኋል። ውኃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ዳርቻ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል፤ ውኃውም ቶሎ፣ ሳይግል ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ከዚያም ያነሰ ነው። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚያስቸግረው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በቆላ የሚበቃ መቀቀል በደጋ አይበቃም። ዘይት ከላይ ማፍሰስም ከዚህ ጀርም አያድንም። እንዲያውም አየር ይከለክልለታል። ማቃጠሉም አያድንም፤ ሚጥሚጣ ቢጨመርበት ጀርሙ ግድ የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የዚህ ጽሑፍ አስተያየት እንዲህ ነው። ይህን ድልህ ለመብላት ሥሩት፤ ለወራት በጠርሙስ ለማሸግ ግን በግምት አትጀምሩ። ለወራት ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው በደንብ ከሠለጠነ የምግብ ባለሙያ ልኩን ተምሮ፣ መሣሪያውን አሟልቶ ይሥራ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ኪሎ ቲማቲም፣ ሁለት ኪሎ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ግማሽ ስኒ ዘይትና ጨው ይበቃል። የፈረንጅ ቃሪያ ካልተገኘ ቲማቲሙን አብዝቶ የአገሩን ቀይ ቃሪያ በጥቂቱ ማግባት ይቻላል፤ ግን ያቃጥላል። ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ከድኖ አስቀምጦ በሳምንት ውስጥ መጨረስ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የተረፈው በማግስቱ በደንብ ፈልቶ ይበላ፤ ከዚያ በላይ አይደር።

በስጦታም ሆነ በግዢ ቤት የታሸገ ድልህ እጃችሁ ቢገባ፣ ክዳኑን ተመልከቱ። ክዳኑ ያበጠ፣ ሲከፈት የሚረጭ፣ አረፋ ያለው፣ ሽታው የተለወጠ ከሆነ አትቅመሱት። "ትንሽ ልቅመሰውና ልየው" ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ለዶሮም ለውሻም አትስጡት፤ እነርሱንም ይገድላል። ደኅና ቢመስልም እንኳ ከመብላት በፊት እየማሰሉ ማፍላት ያስፈልጋል። ዘሩ በመፍላት ባይሞትም፣ መርዙ ግን በመፍላት ይጠፋል። በቆላ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በደጋ 20 ደቂቃ ይሁን። የበላ ሰው ዓይኑ ከደበዘዘ ወይም መዋጥ ካቃተው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምን እንደበላም ይናገር።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ስንቅ የሚፈልግ ቤተሰብ የሚሻለው ማድረቅ ነው። ቲማቲሙ ለሁለት ወይም ለአራት ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወንፊት ላይ ይሰጣል። ስስ ጨርቅ ከላይ ይሸፍነዋል፤ ዝንብ አይነካውም። ማታ ማታ ወደ ቤት ይገባል። ሲታጠፍ ርጥበት የማያወጣ፣ እንደ ቆዳ የጠነከረ ሲሆን ደርሷል። ቃሪያም እንዲሁ ይደርቃል። በርበሬን በባዶ መሬት ላይ ማስጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ጥሩ ልማድ ግን አይደለም። ከመሬቱ ርጥበት ይስባል፤ ይሻግታል። ከሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ ቀስ ብሎ ጉበትን ይጎዳል፤ በመፍላትም ሆነ በመቁላት በደንብ አይጠፋም። ነጋዴውም የሻገተውን አይቶ ዋጋ ይጥላል።

የደረቀው ቲማቲም ሲፈለግ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል። ለስልሶ ሲያብጥ ከተጠበሰ ቃሪያ ጋር ይወቀጣል፤ በዘይት ይበስላል። የባልካኑ ድልህ በዚህ መንገድ በማንኛውም ወር፣ ለዕለቱ በሚበቃ መጠን ሊሠራ ይችላል። የሚፈጀውም ግማሽ ሰዓት እንጂ ሦስት ሰዓት አይደለም። አብዛኛውን ውኃ ፀሐይ አስቀድማ ወስዳለታለች፤ የማገዶው ነገር ለሚያስጨንቀው ቤት ይህ ቀላል አይደለም።

አንባቢዎች በቡድን ሆናችሁ የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ሞክሩ። ሚዛን ካለበት ቤት ሦስት ኪሎ ቲማቲም መዝኑ። ሰንጥቃችሁ አስጡት። ሲደርቅ እንደገና መዝኑና ሁለቱን ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉ። ስንት ኪሎ ውኃ ወጣ? ያን ያህል ውኃ በእሳት ለማውጣት ስንት እስር እንጨት ይፈጅባችሁ ነበር? የእንጨቱን ዋጋ በሠፈራችሁ ገበያ ዋጋ አስሉት።